ሦስት መስመር ስፌት

በልብስ ሰፊው ሱቅ ውስጥ ሁለት መቀመጫ አለ። አንደኛው መደገፊያ የሌለው ክብ የብረት በርጩማ ነው፤ ሰውየው ሃያ ሁለት ዓመት የሰፋው በዚህ ላይ ተቀምጦ ነው። ሌላው የእንጨት ወንበር ነው። ለሥራ እንዳያስቸግር ክንዶቹ ገና ድሮ በመጋዝ ተቆርጠዋል፤ መቀመጫው ሁለት ሰው ዕድሜውን ስለጨረሰበት መሃሉ ሰርጉዷል። ይህኛው ነጭ አንሶላ ለብሶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ጥግ ይቆማል። ደንበኛ ሊቀመጥበት ከቃጣው ልብስ ሰፊው አፉ በስፒል ተሞልቶም ቢሆን «እእ!» ይላል።

ነገሩን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም። አያቱ በዚያ ወንበር ላይ ሲሰፋ ኖሮ በአርባ ስምንት ዓመቱ ከስቶ፣ ሆዱን ይዞ ሞተ። አባቱ ወንበሩን ወረሰ፤ በአርባ ስድስት ዓመት ከአራት ወሩ ከስቶ፣ ሆዱን ይዞ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ወንበሩን «በሊታው» ይለዋል። እናቱ ባሏን በቀበረች ሳምንት አንሶላውን አለበሰችውና ልጇን ጠርታ፣ «ሙያውን ውረስ፣ የስፌት መኪናውን ውረስ፣ እሱን ግን እንዳትነካ» አለችው። ለምን አውጥታ እንደማትጥለው ሲጠይቋት፣ «ብጥለው ሌላ ሰው ያነሳዋል። የሰው ነፍስ በእጄ?» ትላለች።

ልብስ ሰፊው ይህን ያምን ነበር ለማለት ይከብዳል። አለመቀመጡ ግን እውነት ነው።

ሰፈሩ ለእሱም ቅጽል ስም አውጥቶለታል፤ ሚሊሜትር። ስሙን ያወጡለት ጡረታ የወጡት ፖስተኛ ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ደብዳቤ ሲያዞሩ ጉልበታቸው አልቆ፣ አሁን ጠዋት ጠዋት የሱቁ ደፍ ላይ ጋዜጣ ዘርግተው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ኮት አሰፍተው ከወሰዱ በሳምንቱ ልብስ ሰፊው መልሶ ጠራቸውና፣ «ጋሼ ፖስታ፣ ግራ እጅጌው አንድ ሚሊሜትር ረዝሟል፤ እንቅልፍ ነሳኝ» አላቸው። ከዚያ ጀምሮ ስሙ በዚያው ቀረ።

ሥራው ሥርዓት ነበረው። ጠዋት ሲገባ የመንገዱን ሱሪ አውልቆ ከበሩ ጀርባ በሚስማር ይሰቅላል፤ የመንገድ አቧራ የሰው ጨርቅ አይንካ ነው ነገሩ። በምትኩ የሥራውን ሱሪ ያጠልቃል፤ ወገቡ ላስቲክ ነው። ከዚያ እስኪመሽ ከበርጩማው ብዙም አይነሳም። ምሳውን እዚያው ይበላል፤ ነጭ ዳቦና ከቆርቆሮ የወጣ ሥጋ። ወጥ፣ አትክልት፣ ባቄላ፣ ፈሳሽ ያለበት ነገር ሁሉ ከመኪናው አጠገብ አይደርስም። የደንበኛ ጨርቅ ላይ አንዲት ጠብታ ከወደቀች ስም አብሮ ይወድቃል። ይህን ያስተማረው አባቱ ነው፤ አባቱን ያስተማረው አያቱ። ከምሳ በኋላ ደጅ ወጥቶ ሁለት ሲጋራ ያጨሳል፣ ይመለሳል።

አርባ አምስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ሲሞላው፣ አንድ ረፋድ ላይ እህቱ መጣች። በአራት ዓመት ትበልጠዋለች፤ የሒሳብ አስተማሪ ናት። እናታቸው ሴት ልጅ በሊታው ካለበት ክፍል እንዳትገባ ስለከለከለች መርፌ ጨብጣ አታውቅም። ባለፈው ዓመት የማሕፀን ካንሰር ተገኝቶባት በቀዶ ጥገና ወጥቶላት ድናለች። ፊቷ ገና አልሞላም።

«እትዬ፣ ነይ ተቀመጪ» ብሎ በርጩማውን ገፋላት።

በርጩማውን አልፋ ሄደች። ከጥግ ያለውን አንሶላ በአንድ እጇ ገፈፈችና ወንበሩን አዙራ ቁጭ አለች። እንጨቱ ጮኸ። ፖስተኛው ጋዜጣቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ተነሺ!» አለ ልብስ ሰፊው።

«ለምን ብዬ? ሳልቀመጥበት በልቶኛል። አሁን ብቀመጥበት ምን ሊጨምር?»

ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ሐኪሞቹ ስለ ቤተሰቡ ሲጠይቋት ስለ አያቷና ስለ አባቷ ነግራቸው፣ ደሟን መርምረው ከዘር የሚወርድ ምልክት እንዳገኙባት ነገረችው። በሴት ማሕፀንን፣ በወንድም በሴትም ትልቁን አንጀት የሚያጠቃ ነው።

«ግማሽ በግማሽ ነው» አለች። «አንተም ልትይዘው ትችላለህ፣ ላትይዘውም ትችላለህ። ሄደህ ታየው። ሳይቃጠል በቅጠል።»

«እኔ ምንም የለኝም።»

«ከስተሃል።»

«ከሳሁ? እኔ?» ሳቀ። ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን ሱሪ አንስቶ አሳያት። «ይኸው ጠዋት ለብሼው መጣሁ፤ እንደ ወትሮው ልክ ነው። ልብስ ሰፊ ሲከሳ ቀድሞ የሚያውቅ ራሱ ነው፣ እትዬ። ሰውን በወገቡ የምናውቅ እኛ አይደለን?»

እህቱ ወረቀቱን ከካውያው ማስቀመጫ ሥር ሸጉጣለት ሄደች። አንሶላውን ግን አላለበሰችውም። እሱም መልሶ ሊያለብሰው ሁለት ጊዜ ተነሳና ሁለቱንም ጊዜ ተመልሶ ተቀመጠ።

በዚያው ቅዳሜ ሚስቱ ልብስ ልታጥብ ሱሪውን ገለበጠችው። አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ናት፤ ዓይኗ ነገር አያልፈውም።

«አንተ፣ ይህን ሱሪ መቼ አጠበብከው?»

«አላጠበብኩትም።»

«ሁለቴ ነው የጠበበው። ና እይ።»

መጥቶ አየ። በወገቡ ውስጥ፣ ከኋላው መሃል ላይ፣ የመጀመሪያው ስፌት አለ። ከእሱ ወደ ውስጥ ሁለት ሳንቲሜትር ገብቶ ሌላ መስመር፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ ሁለት ሳንቲሜትር ገብቶ ሌላ። የቀሩትን ሦስት ሱሪዎች ገለበጡ። ሁሉም እንዲሁ ናቸው።

«እናትህ ትሆን?» አለች ሚስቱ።

«እማዬ መርፌ ክር ማስገባት ካቆመች አሥር ዓመቷ ነው።»

ለሚስቱ ያልነገራት ነገር ነበር። ስፌቱ ሲያበቃ ወደ ኋላ ሦስት ጊዜ ተመልሶ፣ ጫፉ ላይ ጥፍር የምታህል ክር ተርፋ ቀርታለች። አባቱ ነበር እንዲያ የሚጨርስ፤ «ክሩ ይተንፍስ» ይል ነበር። እሱ ራሱ ክር ከሥሩ ነው የሚቆርጥ። በዚህ ሁለቱ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀዋል።

ሰኞ ጠዋት ሱቁ ውስጥ ሱሪውን አውልቆ በሜትር ለካው፤ ሰማንያ አንድ። ከመጨረሻው ስፌት ወደ ውስጥ ትንሽ ራቅ አድርጎ በነጭ ጠመኔ ቀጭን መስመር አሰመረና በሚስማሩ ሰቀለው። በሩ ላይ ቁልፍ ጨመረ። የሱቁን መስኮት ከውስጥ ቀረቀረ። ሌሎቹን ሱሪዎች እየቀያየረ ይለብሳል፤ ያንን ብቻ አይነካም፤ ዓይኑ ግን ከሱሪው አይነቀልም። አንድ ሁለቴ ቀና ሲል ሱሪው ሲወዛወዝ ያየ መሰለው። በሩ ነፋስ ያስገባል ብሎ ወደ ስፌቱ ተመለሰ። ባዶው ወንበር ከጥግ ሆኖ ፊቱን ወደ እሱ አዙሯል።

በሚቀጥለው ሰኞ ሱሪውን ሲገለብጥ የጠመኔው መስመር የለም። በቦታው፣ ልክ በላዩ፣ ሦስተኛ መስመር ተሰፍቷል። ሦስቱ የመመለሻ ጥልፎች አሉ። ጥፍር የምታህለው ክር አለች። ለካው፤ ሰባ ስምንት።

ሱሪውን ይዞ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ክፍል ገባ። እናቱ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«እማዬ፣ ይህን በጣትሽ ዳብሺው።»

ዳበሰችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጣቷ ሦስተኛው ላይ ቆመ። ከአልጋው ሥር ሣጥን ጎትታ፣ ከሥሩ በጋዜጣ የተጠቀለለ ቡናማ ሱሪ አወጣች። አባቱ መጨረሻ የለበሰው ነው። ከመከፈኑ በፊት ያወለቀችለት እሷ ናት።

ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጉ። ሁለት ሳንቲሜትር፣ ሁለት ሳንቲሜትር፣ ሦስት ሳንቲሜትር። በአንድ ንድፍ የተቆረጡ ይመስሉ ነበር።

«እሱም ጠይቆኝ ነበር» አለች እናቱ። «‹ማነው ሱሪዬን የሚያጠብብኝ?› አለኝ። የቀለደ መሰለኝ። ኋላ ግን ወንበሩ ነው አልኩ። ምን ልበል ሌላ?»

«ከሦስተኛው በኋላ ስንት ጊዜ ቆየ?»

እናቱ ሱሪውን መልሳ መጠቅለል ጀመረች። «አራተኛ አልሰፋም» አለች።

ፖስተኛው ድምፅ ሰምተው ከደፉ ተነስተው መጡ፤ የበሩን መቃን ተደግፈው ቆሙ።

«ምን ሆናችሁ? የሞተ ሰው ያያችሁ ትመስላላችሁ።»

«ጋሼ ፖስታ» አለ ልብስ ሰፊው፣ «ሱቄ ሰው ይገባል። እኔ ሳላውቅ ሱሪዬን የሚያጠብብኝ ሰው አለ።»

ፖስተኛው ሱሪውን አዩት፣ እሱን አዩት፣ እናቲቱን አዩ።

«ራስህ አይደለህ እንዴ?»

«ምን?»

«ራስህ ነህ እንጂ! ባለፈው ሐሙስ ዓይኔ እያየ። ካውያው እስኪግል እጅህ ሥራ ይፈታል። ያኔ ከሚስማሩ ታወርደዋለህ፣ በእጅህ ሰፋ ሰፋ ታደርገውና መልሰህ ትሰቅለዋለህ። ሰው ራሱን እንደሚያክ። እንዲያውም ስለ ጉልበቴ እያወራን ነበር፤ ‹በሙቅ ውሃ ይንከሩት› ብለኸኛል።»

«ስለ ጉልበትዎ ማውራታችን ትዝ ይለኛል።»

«እና እየሰፋህ ነበር የምታወራው። አባትህም እንዲሁ ነበር፤ ደብዳቤ ሳደርስለት አየው ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ!»

ፖስተኛው ግራ ገባቸው። «ምን ብዬ? ልብስ ሰፊ ሰፋ ብዬ?»

ልብስ ሰፊው እጆቹን አያቸው። አሁን ገባው፤ ሲገባው ደግሞ ሌባ ቢሆን በተሻለ ነበር አለ በልቡ። ሌላ ሰው ሲከሳ ሱሪው ይወርድበታል፤ ቀበቶው ቀዳዳ ይጎድለዋል፤ ይደነግጣል። በእነሱ ቤት ግን ጠዋት ሱሪው ላላ ሲል፣ ራስ ሳይሰማ እጅ ይሰማል፤ እጅ ደግሞ የላላ ነገር አይቶ ማለፍ አልተማረም። ያስተካክለዋል። ሱሪው ሁልጊዜ ልክ ነው። የሥራው ሱሪ ላስቲክ ነው፤ ላስቲክ ለማንም አይመሰክርም። አባቱ እንዲህ ልክ የሆነ ሱሪ እንደለበሰ ነው ያለቀው። ስፌቱን እንዴት እንደሚጨርስ እንኳ እጁ እሱን ሳይጠይቅ ከአባቱ ወርሶት ኖሯል።

ከካውያው ማስቀመጫ ሥር ወረቀቱን ሳበ። ዳር ዳሩ በሙቀት ቢጫ ሆኗል። ለእህቱ ደወለ።

የሆስፒታሉ ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች፤ ድካሟ ከዓይኗ ሥር ይታያል። ወረቀት ላይ አያቱን፣ አባቱን፣ እህቱን፣ እሱን በካሬና በክብ ሣለች፤ የታመሙትን አጠቆረች። ለእሱ ካሬ ግማሹን ብቻ ጥላ አደረገችለት።

«ሰውነትዎ ቀን ከሌት ራሱን እንደ ጽሑፍ ይገለብጣል» አለችው። «ሲገለብጥ ይሳሳታል፤ የማይሳሳት የለም። ከኋላው ግን ስሕተቱን እየፈታ የሚያርም አራሚ አለ። በእርስዎ ቤት የሚወረሰው የተበላሸ አራሚ ነው።»

«እንግዲያው ያለቀ ነገር ነው።»

«አላለቀም። ይህን ይዘው ሸምግለው የሚሞቱ አሉ። ዘሩ በሩን ገርበብ ያደርገዋል፤ የሚገባውን ሌላም ነገር ይወስነዋል። አንጀታችን ውስጥ የማይቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ከፊሎቹ ጥራጥሬና አትክልት ሲያገኙ የአንጀቱን ግድግዳ የሚመግብ ነገር ይሠሩልናል። እነሱ ሲራቡ ቦታውን ሌሎች ይይዙታል። ከእነዚያ ውስጥ ዘረመልን የሚያቆስል መርዝ የሚያወጡ አሉ። አፍ ውስጥ የሚኖር አንድ ዓይነት ደግሞ ብዙ ጊዜ እታች፣ ዕጢው ላይ ሰፍሮ እናገኘዋለን። እንዴት እንደሚያባብሰው ገና እየተጠና ነው።»

በየቀኑ በምላሱ የሚያርሰው ክር ታወሰው። «ክሩን በአፌ ስለማረጥበው ይሆን?»

«የለም፣ ክሩን ይተዉት። ስለ ምሳዎ ይንገሩኝ።»

ነገራት። ስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አባትዎስ ምን ይበሉ ነበር?»

«እሱንኑ።»

«አያትዎ?»

«እሱንኑ። ወጥ ጨርቅ ያበላሻል።»

«እንግዲያው ምሳውንም ወርሰዋል» አለች። «በቀን ምን ያህል ይቀመጣሉ?»

«አሥር፣ አሥራ አንድ ሰዓት። ግን በርጩማ ላይ ነው» አለ ቶሎ ብሎ፤ «ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አላውቅም።»

ሐኪሟ ምን ወንበር እንደሆነ አላወቀችም። «ለሰውነትዎ ሁሉም መቀመጫ አንድ ነው» አለችው፤ እሱም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ወንበር ከሥሩ እንደነበረ ያህል ጀርባው ቀዘቀዘ።

ደሙን ወሰዱ፤ ምልክቱ እሱም ዘንድ ነበረ። ደሙ ደግሞ ቀጥኗል፤ በዓይን ሳይታይ የሚፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። ከዚያ አንጀቱን የሚያጥበውን መድኃኒት ሲጠጣ ዋለ። በማግስቱ በጎኑ አስተኝተው፣ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ አስገቡ። የሚያደነዝዘው መርፌ ሙሉ በሙሉ አላስተኛውም፤ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነበር።

ውስጡን ከውስጥ አየው። ቀይ፣ እርጥብ፣ እንደ ገበር እጥፍጥፍ ያለ መተላለፊያ ነው፤ ማንም የማይኖርበት ቤት ኮሪደር ይመስላል። መብራቱ ወደፊት ይሄዳል፤ ከመብራቱ ወዲያ ጨለማ ነው። አንድ ቦታ እንደ እንጉዳይ ያለች ትንሽ እብጠት ታየች። ሐኪሟ በሽቦ ቋጥራ ቆረጠቻት። ትንሽ ቆይቶ ሌላ፤ እሷንም። «እነዚህ ገና ልጆች ናቸው» አለች። ከዚያ መብራቱ በቀኝ በኩል ያለውን መታጠፊያ ዞረና ቆመ። እዚያ አንድ ትልቅ ነገር ተቀምጧል። ዳር ዳሩ ያበጠ፣ መሃሉ የሰረጎደ፣ ደም ያዘለ። ልብስ ሰፊው ምን እንደሆነ አልጠየቀም። ቅርጹን ያውቀዋል፤ የበሊታው መቀመጫ እንዲህ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ቀዶ ጥገናው ተደረገ። ወፍራም ጣቶች ያሉት ቀዳጅ ሐኪም በማግስቱ ሊያየው ሲመጣ፣ በሽተኛው የጠየቀው የመጀመሪያ ነገር አንጀቱ በምን ዓይነት ስፌት እንደተጋጠመ ነበር።

«ቆርጠን በማሽን ነው የምንገጥመው» አለ ቀዳጁ።

«ስንት መስመር?»

«ሦስት። ምነው?»

ልብስ ሰፊው ሳቀ፤ ቁስሉ ግን አላስጨረሰውም።

ውጤቱ ሲመጣ ዕጢው የአንጀቱን ግድግዳ መቦርቦር ጀምሮ ነበር፤ አላለፈውም። ከዚህ በኋላ በየዓመቱ ካሜራው ይገባል። «ስድስት ወር ቢቆዩ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው» አለችው ሐኪሟ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ በእሱ ግን የደበቀው ሱሪው ነበር።

አርባ ስድስት ዓመት ከአራት ወር የሞላው በሥራ ቀን ነው። ማንም አላነሳበትም፤ ሁሉም ያውቁ ነበር። እህቱ ከትምህርት ቤት ሦስት ጊዜ ደውላ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ አወራችው። እሱ የመቁረጫውን ጠረጴዛ በጡብ ከፍ አድርጎ ቆሞ ይሠራል፤ ሲጋራውን ትቷል። ምሳውን ደጅ ወጥቶ፣ ባቄላና ጎመኑን ከሳህን ይበላል። ወንበሩ ላይ ፖስተኛው ተቀምጠዋል። «ሰባ አንድ ዓመቴ ነው» ይላሉ፤ «ከበላኝም ሥጋዬ ጠንካራ ነው፣ ጥርሱን ይሰብራል።» እናቲቱ በሩ ላይ ስትደርስ አሁንም ፊቷን ታዞራለች።

ከመኪናው በላይ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ተጽፏል፤ «የራስን ልብስ መንካት ክልክል ነው።» ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ፖስተኛው ሜትሩን ይዘው የቤቱን ሰው ወገብ ይለካሉ፤ እንደ ፖስታ ቤት ወረፋ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጠራሉ። ሴት ልጁም ትሰለፋለች። ሃያ ዓመቷ ነው፤ የመሬት ቅየሳ ተማሪ ናት። ደሟ ተመርምሮ ምልክቱ ተገኝቶባታል። ካሜራው ግን ንጹሕ ነው ያለው፤ በየዓመቱ ትታያለች። ውጤቱን ያነበበችው እዚሁ ሱቅ ውስጥ ጮክ ብላ ነው፤ ጨርሳም «እሺ» ብላ አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ከሰዓት በኋላ እየመጣች ታግዘዋለች።

አንድ ቀን ካውያውን ለኩሰው ይጠብቁ ነበር። ልጁ የደንበኛ ኮት ጭኗ ላይ አድርጋ ስለ አስተማሪዋ ታወራለች።

«መሣሪያውን ገልብጦ ተከለው፣ አባዬ! ከዚያ ደግሞ እኛ ላይ ይጮሃል፣ ‹መሬቱ ነው የተጣመመው› ብሎ...»

አባትየው እየሳቀ ቀና አለ። ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ኮቱ ሥር፣ በራሷ ቀሚስ ወገብ ላይ፣ ቀኝ እጇ ይንቀሳቀሳል። ፖስተኛውም አይተው ጋዜጣውን አጥፈዋል።

«እጅሽ» አለ።

«እ?»

«እጅሽን እይ።»

ወደ ታች አየች። ትንሿ መቀስ በጣቶቿ መሃል ናት። ሁለቱም ወንዶች ተነሱ። አባትየው የቀሚሱን ወገብ ገለበጠ። አዲስ ስፌት የለም። አሮጌው ነው፤ አራት ጣት ያህል ተፈቷል።

«ሜትሩን» አለ።

ፖስተኛው ለኩ፤ ሁለተኛ ለኩ። «ስድሳ ስምንት» አሉ። «ባለፈው ወር ስድሳ ስድስት ተኩል ነበረች። ጨምራለች፣ ሚሊሜትር! ጠቧት ነው፣ ጨምራለች!»

ልብስ ሰፊው ጠረጴዛውን ይዞ ቆመ። ፖስተኛው ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀምጠው ይስቁ ጀመር፤ እሱም ቀስ ብሎ ሳቃቸውን ተጋራ። ልጁ ግን አልሳቀችም። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ቀኝ እጇን፣ እንደ ሌላ ሰው እጅ፣ ትመለከታለች።

«መቼ ጀመርኩት?» አለች።

ማንም አላየም። ካውያው ግሏል።